ትክክለኛው መልስና ያልተነበበው ወረቀት

መምህራችሁ የታረመ የፈተና ወረቀት ሲመልስላችሁ ዐይናችሁ በመጀመሪያ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? በጥያቄው ላይ ነውን? ወይስ በጻፋችሁት መልስ ላይ? እኔ ተማሪም መምህርም ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ የሁላችንም ዐይን ቀድሞ የሚሮጠው በቀይ ቀለም ወደ ተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ወረቀቱን አጣጥፈን በደስታ ወደ ደብተራችን እንከተዋለን፤ ዝቅ ያለም ከሆነ አጣጥፈን በኀዘን እንከተዋለን። በሁለቱም ጊዜ ወረቀቱን አናነበውም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የራሴ ነበረ። በላዩ ላይ የጻፍሁት መልስ ፍጹም ትክክል ነበረ፤ የተሰጠኝ ነጥብ ግን ከ10 2 ነበረ። ትምህርቱ ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ክፍል ነው። ምናልባት፣ «ይህ የአማርኛ መጽሐፍ ነው፤ የሒሳብን ነገር ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ድርሰት እንደሚመለስ በመጨረሻ ታያላችሁ።

በ1973 ዓ.ም. ወደ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገባሁ። የመጣሁት ከአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ነበረ። እናቴ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነበር ያስተማረችኝ፤ ከእኔ በታች ሦስት ታናናሾች ነበሩ። ለመሄድ በተነሣሁበት ማለዳ እናቴ ስንቄን አስይዛኝ እስከ መኪናው መቆሚያ ሸኘችኝና፣ «አንተ ከቆምህ እነርሱም ይቆማሉ» አለችኝ። ሌላ ምክር አልጨመረችም። ይህች ቃል በኮሌጁ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

የካልኩለስ መምህራችን ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠመኔ የነካው ጥቁር ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል እንደ ገቡ በስቴንስል የተባዛ አንድ አንድ ወረቀት አደሉን። ወረቀቱ በሴሚስተሩ የምንማራቸውን ርእሶች፣ የፈተናዎቹን ብዛትና ነጥቡ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት የያዘ ነበረ። «ይህን በጥንቃቄ አንብቡት» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ። እኔ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፌ በሒሳብ መጽሐፌ ውስጥ የገጽ ምልክት አደረግሁት። ለምልክትነት እጅግ የተመቸ ወረቀት ነበረ፤ በየቀኑ አወጣዋለሁ፤ በየቀኑ እመልሰዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ዘርግቼ አላነበብሁትም።

ካልኩለስ የለውጥ ሒሳብ ነው። በዛሬው ሥርዓተ ትምህርት እናንተ በ12ኛ ክፍል ትጀምሩታላችሁ፤ እኔ ግን ስሙን እንኳ የሰማሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ድንጋይ ከገደል አፋፍ ተለቀቀ እንበል። የአየርን መቃወም ትተን፣ ቁጥሩንም ለማቅለል ጠጋግተን ብናሰላ፣ ድንጋዩ የወደቀበትን ርቀት በሜትር ለማግኘት የሰከንዱን ቁጥር በራሱ አባዝተን እንደገና በ5 እናባዛለን። ስለዚህ በ1 ሰከንድ 5 ሜትር፣ በ2 ሰከንድ 20 ሜትር፣ በ3 ሰከንድ 45 ሜትር ይወድቃል። ታዲያ ልክ 2ኛው ሰከንድ ሲሞላ የድንጋዩ ፍጥነት ስንት ነው?

ፍጥነት የሚገኘው ርቀትን ለጊዜ በማካፈል መሆኑን ታውቃላችሁ። ከ2ኛው እስከ 3ኛው ሰከንድ ድንጋዩ 25 ሜትር ስለሚወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ነው ልንል እንችላለን። ነገር ግን ይህ የአንድ ሙሉ ሰከንድ አማካይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጽበት እየፈጠነ ይሄዳል። እንግዲያው ጊዜውን እናሳጥረው። ከ2 እስከ 2.1 ሰከንድ ያለው አማካይ ፍጥነት 20.5 ነው። ከ2 እስከ 2.01 ያለው 20.05 ነው። ከ2 እስከ 2.001 ያለው ደግሞ 20.005 ነው። ጊዜው ባጠረ ቍጥር ፍጥነቱ ወደ 20 እየተጠጋ መሄዱን ልብ በሉ። ቍጥሮቹ የሚጠጉት ያ 20 በካልኩለስ ቋንቋ «ሊሚት» ይባላል፤ በዚህ መንገድ የተገኘው የቅጽበት ፍጥነትም «ዴሪቬቲቭ» ይባላል።

ይህን ሁሉ መምህራችን ሦስት ሳምንት ሙሉ በትዕግሥት አስተማሩን። እኔ ግን ከእኛ አንድ ዓመት ከሚቀድም ተማሪ ዘንድ አቋራጩን ቀድሜ ተምሬ ነበር። «ይህን ሁሉ ምን አደከመህ?» አለኝ። «ከላይ ያለችውን ትንሿን 2 አውርደህ ከ5 ጋር አባዛት፤ 10 ትሆናለች። 10ን በሰከንዱ አባዛው፤ አለቀ!» በእርግጥም 10 በ2 ሲባዛ 20 ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ረጅሙን መንገድ ሲጓዙ እኔ መድረሻው ላይ ተቀምጬ የምጠብቃቸው ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና 20 ነጥብ የሚይዝ፣ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ነበረ። አንደኛው ጥያቄ፣ «ድንጋዩ 2ኛው ሰከንድ ሲሞላ ያለውን ፍጥነት ከብያኔው በመነሣት አግኝ» የሚል ነበረ። «ከብያኔው በመነሣት» የሚሉትን ቃላት አይቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ትእዛዝ አልቈጠርኋቸውም። በአንድ መስመር «10 በ2 ሲባዛ 20» ብዬ ጻፍሁ። ከክፍሉ ቀድሜ የወጣሁትም እኔ ነበርሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ በመጀመሪያው ጥያቄ ከ10 2፣ በሁለተኛው ከ10 5፣ በድምሩ ከ20 7 አግኝቼ ነበር። 20 ከሚለው መልሴ አጠገብ የትክክል ምልክት ተደርጎበታል፤ ከምልክቱ ቀጥሎም «በምን ዐወቅህ?» የምትል አጭር ጥያቄ በቀይ ቀለም ሰፍራለች። እኔ ጥያቄዋን እንደ ስድብ ቈጠርኋት።

በዚያ ምሽት በመኝታ ክፍላችን ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ ውጤት ነበረ። አንዱ፣ «እኚህ ሰው ኤ የሚባል ፊደል አያውቁም» ይላል። ሌላው፣ «ውጤት የሚሰጡት በከርቭ ነው» ይላል። ከርቭ ማለት ተማሪው የሚመዘነው በሠራው ሥራ ልክ ሳይሆን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በመነጻጸር ነው ማለት ነው፤ ጥቂቶች ከላይ፣ ብዙዎች ከመካከል፣ ጥቂቶች ከታች እንዲሆኑ አስቀድሞ ይታሰባል። ይህ ወሬ ከተሰማ በኋላ ያደረግነውን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። የሠራነውን መልመጃ እርስ በርሳችን መደባበቅ ጀመርን። ከአልጋዬ ጎን ያለው ጓደኛዬ ጥያቄ ሲጠይቀኝ፣ እያወቅሁ «አላውቅም» ያልሁበት ጊዜ ነበር። የእርሱ መውደቅ ለእኔ መነሣት የሚሆን መስሎኝ ነበር።

መብራት ከጠፋ በኋላ ኵራዝ ለኵሼ ሒሳብ ማስላት ጀመርሁ። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ ምንም ነው። እያንዳንዱ ፊደል ትምህርቱ በሚይዘው ክሬዲት ይባዛል፤ ድምሩም ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላል። ካልኩለስ 4 ክሬዲት ሲሆን የቀሩት አራት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ነበሩ፤ በድምሩ 16። በአራቱ ሲ ባገኝ 24 ነጥብ ይሆናል፤ በካልኩለስ ዲ ባገኝ 4 ይጨመራል፤ 28 ለ16 ሲካፈል 1.75 ነው። በኮሌጁ ለመቆየት የሚያስፈልገው አማካይ ነጥብ ደግሞ 2.00 ነበረ። 1.75 ያገኘ ተማሪ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካላሻሻለም ይሰናበታል። ኵራዙን አጠፋሁ። «አንተ ከቆምህ እነርሱም ይቆማሉ» የሚለው ድምፅ ግን በጨለማው ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ጓደኛዬን፣ «ና መምህሩ ዘንድ ሄደን አቤት እንበል» አልሁት። እርሱም እንደ እኔው በአቋራጩ መንገድ ሠርቶ እንደ እኔው 2 ነበር ያገኘው። በስሌት ግን ከእኔ እጅግ የፈጠነ ልጅ ነበር። «እኔ ለቁጥር ብዬ የማንንም ደጅ አልጠናም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብቻዬን ሄድሁ።

መምህሩ ከወረቀት ክምር መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። የፈተና ወረቀቴን አቀረብሁላቸውና፣ «መምህር፣ መልሴ ትክክል ነው፤ ነጥቡ ግን ተቀንሶብኛል» አልሁ።

«መልስህ ትክክል ነው» አሉ። «20 መሆኑን በምን ዐወቅህ?»

«በሕጉ ነዋ!»

«ሕጉ ትክክል መሆኑንስ በምን ዐወቅህ?»

ዝም አልሁ። ዝምታዬ እጅግ ረዘመ። እርሳቸው ግን አልተቈጡም። «በመጀመሪያው ቀን የሰጠኋችሁ ወረቀት የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በብብቴ ሥር ካለው መጽሐፍ ውስጥ የገጽ ምልክቴን መዝዤ አወጣሁ። እጥፋቱ ከመልመዱ የተነሣ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። «የመጨረሻውን አንቀጽ አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበረ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ «ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ ቁጥር ላደረሰው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ትክክለኛ መልስ ከ10 ከ2 አይበልጥም።» ከዚህ በላይ ባለው አንቀጽ ደግሞ 80 እና ከዚያ በላይ ኤ፣ ከ65 እስከ 79 ቢ፣ ከ50 እስከ 64 ሲ፣ ከ40 እስከ 49 ዲ መሆኑ ተጽፏል። የከርቭ ነገር ፈጽሞ የለም! ሁላችንም ብንሠራ ሁላችንም ማለፍ እንችል ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ጓደኛዬን «አላውቅም» እያልሁ የደበቅሁት በከንቱ ነበረ።

መምህሩ አንድ ቁራጭ ወረቀት ስበው ከ2 ሰከንድ በላይ ያለችውን ትንሽ ጊዜ በአንድ ፊደል ሰየሟት። እኔ እዚህ «ጨ» ልበላት፤ ጭማሪ ማለት ነው። በ2 ሲደመር ጨ ሰከንድ ድንጋዩ የሚወድቅበት ርቀት 20 + 20ጨ + 5ጨ² ይሆናል። ከዚህ ላይ በ2 ሰከንድ የወደቀው 20 ሲቀነስ 20ጨ + 5ጨ² ይቀራል። ይህን ለጨ ስናካፍለው 20 + 5ጨ እናገኛለን።

«እዚህ ላይ ለጨ ማካፈል የቻልሁት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጨ ዜሮ ስላልሆነች።»

«መልካም። አሁን ጨ ወደ ዜሮ ስትጠጋ 20 + 5ጨ ወደ 20 ይጠጋል። ዜሮ ሆነች አላልሁም፤ ወደ ዜሮ ተጠጋች አልሁ። ‹ሆነ› እና ‹ተጠጋ› በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ትምህርት ግማሹ ነው። የአንተ አንድ መስመር ይህን ልዩነት ዐውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ ዘለልኸው የሚለውን አይነግረኝም። እኔ ማረም የምችለው የጻፍኸውን እንጂ በልብህ ያለውን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ታሪክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካልኩለስን ለየብቻቸው ያገኙት እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተንና ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ላይብኒዝ ናቸው። ላይብኒዝ ሥራውን በእ.ኤ.አ. 1684 አሳተመ። ስሌታቸው የሚሰጠው መልስ ትክክል ነበረ። ነገር ግን በእ.ኤ.አ. 1734 የአየርላንዱ ጳጳስና ፈላስፋ ጆርጅ በርክሊ አንድ ብርቱ ትችት አቀረበ። የትችቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሊቃውንቱ ሲያካፍሉ ጭማሪዋን ዜሮ አይደለችም ይላሉ፤ አካፍለው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ እንደ ዜሮ ቈጥረው ይጥሏታል፤ አንዲት ነገር ዜሮ ስትሆንም ሳትሆንም እንዴት ትችላለች? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። ፈረንሳዊው ኦጉስተን-ሉዊ ኮሺ በእ.ኤ.አ. 1821 ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርቱን በሊሚት ሐሳብ ላይ ለመመሥረት ተነሣ፤ ከእርሱም በኋላ ጀርመናዊው ካርል ቫየርሽትራስ ብያኔውን ይበልጥ ጥብቅ አደረገው። የኮሺ መጽሐፍ ለፓሪስ ተማሪዎቹ ማስተማሪያ የተዘጋጀ ነበረ።

«አየህ» አሉኝ መምህሩ፤ «ኒውተንና ላይብኒዝም ‹በምን ዐወቃችሁ?› ተብለው ተጠይቀዋል። ለአንተ የቀረበችው ጥያቄ ስድብ አይደለችም። ከሊቃውንቱ ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣሃለች።»

ነጥቡን ግን አልጨመሩልኝም። ልወጣ ስል ጠሩኝና፣ «ቆይ፤ የእኔም ጥፋት አለበት» አሉኝ። «ወረቀቱን ሰጠኋችሁ እንጂ ምን ዓይነት አሠራር እንደምጠብቅ በምሳሌ አላሳየኋችሁም።» በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የአንዱን ጥያቄ ሁለት አሠራሮች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፤ የተማሪ ስም አልጠቀሱም። አንዱን 2፣ ሌላውን 9 ሰጥተው ለእያንዳንዱ ነጥብ ምክንያቱን አስረዱ። ክፍሉ በሙሉ የገባው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ በመኝታ ክፍላችን መደባበቁ ቀረ። ማታ ማታ አንዳችን ሠርተን ለሌላው እናነባለን፤ የሚሰማው ሰው «በምን ዐወቅህ?» እያለ ያቋርጣል። ጓደኛዬ ግን ከእኛ ጋር አልተቀመጠም፤ በአቋራጩ ጸና። በሁለተኛው ፈተና ከ20 15፣ በቤት ሥራ ከ10 8፣ በማጠቃለያው ፈተና ከ50 33 አገኘሁ። ከመጀመሪያው 7 ጋር ሲደመር 63 ሆነ፤ ሲ ማለት ነው። ለቢ የጎደለኝ 2 ነጥብ ብቻ ነበረ። ወረቀቴን በመጀመሪያው ቀን አንብቤው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁለት ነጥቦች የትም አይሄዱም ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት የተተረተው ለእኔ መሰለኝ። ቢሆንም በሌሎቹ ትምህርቶች ሁለት ቢ እና ሁለት ሲ አግኝቼ ስለነበር አማካዬ ከ2.00 በላይ ሆነ፤ ቆምሁ። ጓደኛዬ ግን በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበተ። ሻንጣውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ነበር። በስሌት ከእኔ ይፈጥን የነበረው ልጅ የሄደው ሒሳብ ስላቃተው አይደለም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲቀር ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አምስት ሳምንት «አላውቅም» ያልሁትን እኔንም ሳልወቅስ አላልፍም።

ታሪኬ በዚህ ቢያልቅ ትምህርቱ ለተማሪ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ቀይ እስክሪብቶው በእኔ እጅ ገባ። በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ሆንሁ። የመምህራን እጥረት ስለነበረም አማርኛ አስተምር ነበር። በክፍሌ ግድግዳ ላይ «ምክንያታችሁን ጻፉ» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። ካልኩለስ የቀጣኝን ቅጣት እኔ በተማሪዎቼ ላይ እንደማልደግመው እርግጠኛ ነበርሁ።

በአንድ የማጠቃለያ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣሁ፤ «አንድ ነጋዴ አንድ ኩንታል ጤፍ በ80 ብር ገዝቶ በመቶ 15 አትርፎ ቢሸጠው በስንት ብር ሸጠው?» ያስተማርሁት መንገድ 80ን በ115 አባዝቶ ለ100 ማካፈል ነው። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ግን እንዲህ ጽፋ ነበር፤ «የ80 ዐሥር በመቶ 8 ነው። አምስት በመቶ የዐሥር በመቶ ግማሽ ስለሆነ 4 ነው። ስምንትና አራት 12 ነው። ስለዚህ የሸጠው በ92 ብር ነው።» እኔም ቀመሩን አለመጻፏን አይቼ ከ10 3 ሰጠኋት። የትምህርቱ ውጤቷ 49 ሆነ፤ ማለፊያው 50 ነበረ። ልጅቱ ወረቀቷን ተቀብላ አጣጥፋ ወደ ደብተሯ ከተተችው። አልጠየቀችኝም።

ውጤቱን አስረክቤ ከጨረስሁ በኋላ ወረቀቶቹን ሳስተካክል የእርሷ እንደገና በእጄ ገባ። አነበብሁት። ምክንያቷ በሙሉ አለ፤ አንድም ደረጃ አልዘለለችም። እንዲያውም «ስለሆነ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን ቃላት በየቦታቸው አስገብታለች። የጎደለው የእኔ ቀመር ብቻ ነው፤ በዚያ ቀመር ብቻ መሥራት ግዴታ መሆኑን ደግሞ በጥያቄው ላይም ሆነ በክፍል ውስጥ አልተናገርሁም። የኮሌጁ መምህሬ የጠበቁብኝን ነገር በጽሑፍ ሰጥተውኝ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። እኔ ግን ከዚህች ልጅ የጠበቅሁት ያልተናገርሁትን ነው። ተነግሮ ያልተፈጸመ ነገር ነጥብ ቢያስቀንስ ፍርድ ነው፤ ሳይነገር የተጠበቀ ነገር ነጥብ ሲያስቀንስ ግን ወጥመድ ነው።

ወደ ርእሰ መምህሩ ሄጄ ጥፋቴን ተናገርሁና የውጤት መዝገቡ እንዲታረም ጠየቅሁ። «መምህር ከተሳሳተ ተማሪ ይንቀዋል» ብለው ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ግን ተስማሙ፤ 49ኙ 56 ሆነ። ልጅቱንም ጠርቼ፣ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀትሽን በደንብ አላነበብሁትም ነበር» አልኋት። «መምህር፣ እኔ እኮ መልሴ ስሕተት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። የሚያሳዝነው ይህ ነው። ያለ አግባብ የተቀነሰ ነጥብ የሚጎዳው ውጤትን ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በትክክለኛ አስተሳሰቡ ላይ ያለውን እምነትም ይነሣዋል።

እንግዲህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ የሒሳብ ነገር በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ለምን እንደ ገባ ሳይገለጽላችሁ አልቀረም። የሒሳብ አሠራርም ድርሰት ነው። መነሻ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። አንባቢ አለው፤ ያም አንባቢ በልባችሁ ያለውን ማየት አይችልም። «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን መስተፃምሮች በዚህ መጽሐፍ ስትማሩ ለሰዋስው ፈተና ብቻ የሚያገለግሉ አይምሰላችሁ። አንድን ሐሳብ ከሌላው ጋር የሚያያይዙ ማሰሪያዎች ናቸው፤ ማሰሪያ የሌለው ነዶ እስከ አውድማው አይደርስም።

ስለ ውጤትም ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደሚጠበቅባችሁ አንብቡ፤ ያልተጻፈ ከሆነም ጠይቁ። «አብራራ» እና «ዘርዝር»፣ «አነጻጽር» እና «ግለጽ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ የታረመ ወረቀት ሲመለስላችሁ ቁጥሩን አይታችሁ አታጥፉት፤ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ተበድያለሁ ካላችሁም በአክብሮት ጠይቁ፤ መምህሩ ሊሳሳት ይችላል፤ እናንተም ልትሳሳቱ ትችላላችሁ፤ ማን እንደ ተሳሳተ የሚታወቀው ግን ወረቀቱ በሁለታችሁ መካከል ሲዘረጋ ነው። ሦስተኛ፣ ውጤት በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ይለካል እንጂ እናንተን አይለካም። ከ10 2 ያገኘው ተማሪ በኋላ መምህር ሆኗል፤ ከ10 3 ያገኘችው ልጅም ትክክል ነበረች።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ባለፈው ዓመት ከተመለሱላችሁ ወረቀቶች መካከል ቅር ያሰኛችሁን አንዱን ፈልጉና እንደገና አንብቡት። ከዚያም፣ «ከእኔ ምን ይጠበቅ ነበር? እኔስ ምን ጻፍሁ?» በሚል ርእስ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁ የሚታረመው ወረቀቱ ባገኘው ነጥብ ብዛት አይደለም። የሚታረመው ምክንያታችሁ በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ ነው። ይህን አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ።